ዊንጌት ከሰፈር ስምነቱ በፊት

ሁለት ጥሪዎች

አውቶቡስ ተራ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ጥሪ ይሰማል። የከተማው ታክሲ ረዳት «ዊንጌት፣ ዊንጌት» ይላል፤ የክፍለ ሀገሩ ደግሞ «ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ቡሬ»። ሁለቱ ጥሪዎች የአንድ ታሪክ ቁራጮች ናቸው። ዊንጌት የሰው ስም ነው፤ ሰውየውም በ1933 ዓ.ም. በእነዚያ የጎጃም ከተሞች በኩል እየተዋጋ አዲስ አበባ የገባ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር።

ከህንድ እስከ ፍልስጤም

ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1903 ህንድ ውስጥ ተወለደ። አባቱም የጦር መኮንን ነበር። ቤተሰቡ ጥብቅ ፕሮቴስታንት ስለነበር ልጁ በመጽሐፍ ቅዱስ ተኮትኩቶ አደገ። ዉልዊች በሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1923 የመድፈኛ መኮንን ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1933 በሱዳን ጦር ሲያገለግል በእኛ ድንበር አካባቢ የባሪያ ነጋዴዎችንና የዝሆን ጥርስ አዳኞችን ያሳድድ ነበር። ቀጥሎ ፍልስጤም ተልኮ አይሁዳውያንን በሌሊት ውጊያ አሠለጠነ። እዚያ የመራቸው ቡድኖች በአረብ መንደሮች ላይ በፈጸሙት ጭካኔ ይወቀሳሉ፤ የእሱን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ይህን መዝለል የለበትም።

ጎጃም

ዊንጌት ወደ ጎጃም ሲመጣ የጣሊያን ወረራ አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች ጣሊያንን ከምሽጉ ርቆ እንዳይንቀሳቀስ አድርገውት ነበር። ከእንግሊዞችም ቀድሞ የገባው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ነው። ሳንፎርድ ከወረራው በፊት በሸዋ፣ ሙሉ በሚባል ቦታ ያርስ የነበረ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ሲሻገሩ ዊንጌት አብሯቸው ነበር። ጦሩን «የጌዴዎን ኃይል» ብሎ ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል፤ ጌዴዎን ምድያምን ያሸነፈው በ300 ሰው ነው። የዊንጌት ጦር ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች፣ አንድ የሱዳን ሻለቃ ጦርና በችኮላ የሠለጠነ አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ብቻ ነበር። መድፍ የለውም። ስንቅና ጥይት የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ደጋውን አልቻሉም፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ።

በዚህ ጉልበት ቡሬን ማስለቀቅ የተቻለው ጠላት የተከበበ እንዲመስለው በማድረግ ነው። በትንንሽ ቡድን ሌሊት ይመታሉ፣ ይሰወራሉ፣ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ይመጣሉ። ዘዴው ዋጋም አስከፍሏል። ከቡሬ የሸሸው የጣሊያን ጦር ደምበጫ አጠገብ ያንኑ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ሳይታሰብ ደርሶበት ብዙ ሰው ወደቀ። ቢሆንም ደብረ ማርቆስ በመጋቢት መጨረሻ ተያዘች።

ለእኔ የዊንጌት ትልቁ ነገር የውጊያ ጥበቡ አይደለም። ብዙ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያን እንደ ተማረከ የጠላት ግዛት ሊያስተዳድሯት ያስቡ ነበር። እሱ ግን ኢትዮጵያውያን ለነፃነታቸው በራሳቸው ንጉሥ ሥር ሊዋጉ ይገባል ብሎ ከአለቆቹ ጋር ተከራከረ። ገንዘብና ጠመንጃ ማደል አርበኛን ያዋርዳል፣ አጠገቡ ቆሞ መዋጋት ግን ያበረታዋል ይል ነበር።

ሚያዝያ 27

አዲስ አበባ በሌላ አቅጣጫ በመጣው በእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ቀድማ ተይዛለች። ካኒንግሃም በከተማው ስላሉት ጣሊያኖች ሰግቶ የንጉሠ ነገሥቱን መግባት አዘገየ። በመጨረሻ ሚያዝያ 27 ቀን በእንጦጦ በኩል ወርደው ገቡ፤ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። 

ጦርነቱ ግን አላበቃም። ወደ ሰሜን የሸሸውን የጣሊያናዊውን ኮሎኔል የማራቬንታኖን ጦር ዊንጌትና የራስ ካሣ አርበኞች ተከታተሉት። ዊንጌት «እኔ ልሄድ ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር ብቻችሁን ትቀራላችሁ» የሚል መልእክት ላከበት፤ በሺህ የሚቆጠረው ጦርም በግንቦት አጊባር ላይ እጁን ሰጠ።

ከድሉ በኋላ

ጦሩ ወዲያው ተበተነ፣ ማዕረጉም ወደ ሻለቃነት ወረደ። በወባ እየተንቀጠቀጠና ኢትዮጵያ የሚገባት ክብር አልተሰጣትም ብሎ እየተብሰለሰለ ካይሮ ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ሐኪሞች አተረፉት። ከዚያ በርማ ተልኮ በጃፓን ጦር ጀርባ የሚዋጉትን ቺንዲቶች አደራጀ፣ ሜጀር ጄኔራልም ሆነ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈረበት አውሮፕላን ህንድ ውስጥ ተከስክሶ በ41 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ አብረውት ከሞቱት አሜሪካውያን ስላልተለየ የተቀበረው አሜሪካ፣ አርሊንግተን ነው።

ትምህርት ቤቱ

ንጉሠ ነገሥቱ ስሙን ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሰጡት። ጄኔራል ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፍቶ ለዓመታት በብሪቲሽ ካውንስል ሥር ተዳደረ፤ መለስ ዜናዊም እዚያ ተምሯል። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ብረት ብየዳና ኤሌክትሪክ የመሰለ ሙያ ይማሩበታል። በክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ስናወጋ የመንገሻ ጀምበሬንና የነጋሽ በዛብህን ስም አብረን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፤ ያለ እነሱ ዊንጌት ቡሬን አያልፍም ነበር።