ውሻውን ማን ገደለው? ሕጉስ ምን ይላል?

ሁለተኛ ዓመት የገባን ሰሞን የዜና አጻጻፍ መምህራችን «ከየሰፈራችሁ አንድ አንድ ዜና ይዛችሁ ኑ» ብለውን ነበር። እኔ ይዤ የሄድኩት የውሻ ዜና ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ውሻ ሰው ቢነክስ ዜና አይደለም፣ ሰው ውሻ ቢነክስ ግን ዜና ነው የሚለውን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ሁላችንም እናስታውሳለን። የእኔ ዜና ከሁለቱም አልነበረም። ሰው ውሻ መርዞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ታክሲ ልይዝ ስወጣ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ አምስት ውሾች መንገድ ላይ ተዘርረዋል። አንዱ ገና አልሞተም፤ እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ከአስተዳደሩ የመጡ ሰዎች መርዝ ያለበት ሥጋ በትነው ሄደዋል። ከሞቱት መካከል የጎረቤታችን የእትዬ ውሻ መቻል ነበረበት። መቻል ባለቤት የሌለው ውሻ አይደለም፤ ማታ ማታ በሩ ሲከፈትለት ሰፈሩን የሚጠብቅ የሁላችንም ዘበኛ ነበር። እትዬ «ልጄን የገደሉብኝ ያህል ነው» እያሉ አለቀሱ።

እውነቱን ለመናገር ግን መርዙን የጠየቀው ሰፈሩ ራሱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተነክሶ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። እናቴ በልጅነቷ ተነክሳ ፓስተር እየተመላለሰች 14 ቀን ሙሉ ሆዷ ላይ የተወጋችውን መርፌ እስከ ዛሬ ታወራለች። ያ የድሮው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር። ስለዚህ ልጁ የተነከሰበትን ቤተሰብ «ለውሻ እዘኑ» ብዬ ልሰብክ አልችልም።

ለመሆኑ ያ የሌሊት ሥራ በሕግ እንዴት ይታያል? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ያስቀጣል። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ነገር ግን የተቀመጠው የደንብ መተላለፍ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ማለትም ከቀላል ቀላሉ ጥፋት ጎን። የእንስሳት በሽታን ስለ መከላከልና መቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ደግሞ ከስሙም እንደሚታየው ያሳስበው የነበረው በሽታው እንጂ የእንስሳው ሥቃይ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያየው የባለቤቱን ኃላፊነት ነው። በአንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ይጠየቃል። ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። በሬ ከሆነ ያስኬዳል። የነከሰህን ውሻ ተረክበህ ምን ልታደርገው ነው?

እንግዲህ ያኔ ሦስቱም ሕጎች ነበሩ፤ መቻል ግን በሦስቱ መሐል ሾልኮ ሞተ። ጭካኔን ይከላከላል የምንለው የመንግሥት አካልና መርዙን የበተነው አካል አንድ ቤት ሲሆኑ እትዬ ለማን ይክሰሱ? በእኔ አስተያየት ሕጉ ሲሻሻል መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ጥያቄ ነው። የቅጣቱ ብር ማነስና መብዛት በኋላ ይደረስበታል።

«ጭካኔም ቢሆን በሽታውን ያጠፋልናል» የሚል ይኖራል። አያጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ 70 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ነው፤ በጅምላ መግደልን ውጤት የለውም ይላል። ምክንያቱን ለመረዳት ሰፈራችንን ማየት ይበቃል። ውሾቹ ካለቁ ከሁለት ወር በኋላ የሥጋ ቤቱ ጥራጊና የቆሻሻ ገንዳው እዚያው ስለነበሩ ሌሎች ውሾች መጡ። የመጡት ማን እንደሆኑ፣ ይከተቡ አይከተቡ የሚያውቅ የለም። የኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴትም ይህንኑ አይታለች። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባባት ብዙ ውሻ ገደለች፣ በሽታው ግን ተስፋፋ። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ከ2010 ወዲህ ደሴቲቱን ያዳረሰ የክትባት ዘመቻ ከተካሄደ በኋላ ነው። እኛም አገር ቢሆን በባሌ ተራሮች ለቀይ ቀበሮ ሲባል የገበሬው ውሻ ይከተባል፤ ምክንያቱም በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ከውሻ የተላለፈው በሽታ እዚያ ያሉትን ቀበሮዎች ክፉኛ ጨርሷቸው ነበር። ለቀበሮ የተቻለው ለስምንት ዓመት ልጅ ለምን ያቅታል?

ሌላው ዝም የምንለው ጉዳይ የእኛ የባለቤቶቹ ነው። ውሻ የምናሳድገው ለጥበቃ ነው፤ ወንድ ወንዱን እንመርጣለን። ሴቶቹ ቡችሎች በማዳበሪያ ከረጢት ተደርገው ገንዳ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ይንገረኝ። የሚጥለው ጨካኝ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አጠገቡ የሚያመክንለት ሐኪም የለም፣ ቢኖርም የሚከፍለው የለውም። ከተረፉት አንዷ ካደገች በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በኋላ «የባዘነ ውሻ» ብለን መርዝ የምናስበትንለት የራሳችንን ቡችላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የአካባቢ ደንብ ሲወጣ ምዝገባ፣ ክትባትና ማምከን አንድ ላይ ካልሆኑ፣ ደግሞም በነፃ ወይም በትንሽ ብር ካልሆኑ፣ ደንቡ የሚሠራው ባለ ግቢውና ባለ ፈረንጅ ውሻው ላይ ብቻ ይሆናል። እትዬ ያላቸው የሐበሻ ውሻ ነው።

(ስለ አህያ ሳልጽፍ ማለፌ ይቆጨኛል። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ሲዘጋ ሁላችንም ተደሰትን። በማግስቱ ግን ጀርባዋ የቆሰለ አህያ ሲሚንቶ ተጭና በፊታችን ስታልፍ ማንም አልጮኸም።)

ወደ ዜናዬ ልመለስ። መምህራችን ያረሙልኝ አንድ ነገር ነበር። «አምስት ውሾች ተወገዱ» ብዬ ጽፌ ነበር። «ማን አስወገዳቸው?» ብለው በቀይ አሠመሩበት። እኔ ያንን ቃል የወሰድኩት ከአስተዳደሩ ሰው አፍ ነው፤ ሳላውቀው የእሱን ቋንቋ ጽፌያለሁ። «ተወገደ»፣ «ጸዳ»፣ «እርምጃ ተወሰደ» ስንል አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። ዜናውን ደግሜ ስጽፈው «የአስተዳደሩ ሠራተኞች አምስት ውሾች መርዘው ገደሉ» ሆነ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ልጁ ክትባቱን ጨርሶ ደህና ነው። እትዬም ሌላ ቡችላ አምጥተዋል፤ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት «አንተ ጋዜጠኛ፣ ክትባቱን የት እንደሚሰጡ እስቲ ጠይቅልኝ» ብለው ላኩኝ። ሄጄ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው «ዘመቻ ሲኖር እናሳውቃለን» አለኝ። መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱን ገና አላወቁም። ቡችላዋ እስከዚያው ማታ ማታ ታስራ ታድራለች።