ከአራጣ ለመውጣት እንቆጥብ

ደመወዝተኛ ገቢውን በየወሩ ይቀበላል። እኛ ገበሬዎች ግን ዋናውን ገንዘብ የምናገኘው በዓመት አንዴ፣ እህል ሲወቃ ነው። በጥር ሠርግ አለ፤ በፋሲካ ድግስ አለ። ክረምት ሲገባ እጃችን ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ አራጣ አበዳሪ ዘንድ እንሄዳለን። እህሉ ሲደርስ ዕዳ ለመክፈል በርካሽ እንሸጣለን። በነሐሴ ደግሞ ያንኑ እህል በውድ እንገዛለን። ከዚህ ጣጣ እንዴት እንውጣ?

አንደኛ፣ የሚተርፈውን አንጠብቅ። መቼ ተርፎ ያውቃል! ከገበያ እንደተመለስን፣ ሳንበትነው ቀንሰን እናስቀምጥ። በየሳምንቱ 50 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመት 2,600 ብር ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ በማሰሮ አንቅበር። ሌባም፣ እሳትም፣ ምስጥም አለበት። በ2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ የመቀየሪያው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ስለዚህ በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር እናስቀምጥ። ማንበብ ችለናልና በደብተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ራሳችን እንይ።

ሦስተኛ፣ እቁብ እንግባ። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 100 ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት 2,000 ብር ያነሣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ዕቃ ሲወደድ የተቀመጠ ብር አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በርከት ሲል በግ ወይም ምርጥ ዘር እንግዛበት። ዕዳ የሌለበት ገበሬ እህሉን የሚሸጠው ዋጋ ሲያወጣ ነው።

ጥያቄ፦
1. በየሳምንቱ 30 ብር ብናስቀምጥ በዓመት ስንት ይሆናል?
2. በሰፈራችን እህል የሚረክሰው መቼ ነው? የሚወደደውስ?