በውሃና በምግብ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ መለካት
(ለልማት ሠራተኞችና ለላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች)

በስምጥ ሸለቆ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች መካከል ፍሎራይድ የሚበዛባቸው ብዙ ናቸው። ፍሎራይድ በመቅመስ አይለይም። ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን በቀሪው ውስጥ ይበረክታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ ገና በመሠራት ላይ ያለው የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛና ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ አጥንትና መገጣጠሚያን ያደርቃል። ስለዚህ ልኬቱ በጥንቃቄ መካሄድ አለበት።

1. ናሙና አወሳሰድ
ውሃው ጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል። በብርጭቆ ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም። ቦታውና ቀኑ በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። የጤፍ ናሙና በሚገባ ተነፍቶ ይጽዳ፤ አብሮት የሚቀር አፈር ውጤቱን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

2. የውሃና የሻይ ናሙና
ልኬቱ የሚካሄደው በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። በቅድሚያ 2.21 ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ በማሟሟት በሊትር 1000 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለው መነሻ ይዘጋጃል። ይህም እየቀጠነ በሊትር 10፣ 1 እና 0.1 ሚሊግራም ያላቸው መለኪያዎች ይሠሩበታል። ናሙናውም ሆነ መለኪያዎቹ ከእኩል መጠን በፈር ጋር ይቀላቀላሉ። በፈሩ ፒኤች ከ5 እስከ 5.5 ያደርጋል፤ ፍሎራይድን የያዙትን አሉሚኒየምና ብረትም ያስለቅቃል። ሻይ ቅጠል አሉሚኒየም ስለሚበዛበት ይህ አይታለፍ። መጠኑ 10 እጥፍ ሲጨምር ንባቡ በ59 ሚሊቮልት ገደማ ካልቀነሰ ኤሌክትሮዱ ይመርመር።

3. የምግብ ናሙና
እንጀራው ደርቆ ይፈጫል፤ በኒኬል ዕቃ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በምድጃ ይቀልጣል፤ በውሃ ይሟሟል፤ ፒኤቹ ተስተካክሎ ይለካል። ምግብ የሌለበት ባዶ ናሙናም በዚሁ መንገድ ተለክቶ ይቀነስ።

4. ስሌት
ውሃው በሊትር 3 ሚሊግራም ቢኖረው፣ በቀን 2 ሊትር የሚጠጣ ሰው 6 ሚሊግራም ይወስዳል። ሊጡ በዚሁ 2 ሊትር ውሃ ቢቦካ ሌላ 6 ሚሊግራም ይገባበታል። የሚቀነሰው እርሾ ጥቂቱን ይዞ ቢወጣም፣ ምጣድ ላይ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ በእንጀራው ይቀራል።

ስለዚህ ከጣሪያው ያለፈ ውሃ ለልብስ አጠባ ይዋል እንጂ ለመጠጥ፣ ለቡኮና ለወጥ ባይውል ይመረጣል። ለእነዚህ የዝናብ ውሃ ወይም በአጥንት ከሰል የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ፤ የተጣራውም በየጊዜው ይለካ።