የእረኛው ቤተ ሰብ ለማን ተሰጠ?

የሚጠና ክፍል፤ ዮሐንስ 19፥25-27

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የእግዚአብሔርን ቃል የነገሩንን መሪዎች እንድናስብ፣ የኑሯቸውንም ፍጻሜ ተመልክተን በእምነታቸው እንድንመስላቸው ታዘናል (ዕብ. 13፥7)። ስለዚህ የቄስ ጉዲና ቱምሳን ሕይወት እናስብ።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል በሽተኞችን አገለገሉ። ኋላም በአሜሪካ ነገረ መለኮት ተምረው ተመለሱና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በእርሳቸው ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ ላሉ ረዳቶችዋ በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ሊለያዩ እንደማይገባ አስታወቀች። ነፍስንና ሥጋን የፈጠረ አንድ አምላክ ነውና።

በደርግ ዘመን ታስረው ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢቀርብላቸውም መንጋውን በመከራ ጊዜ ጥለው መሄድን አልወደዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዑራኤል አካባቢ ካለው የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት አገልግሎታቸውን ፈጽመው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ ጋር ተያዙ፤ ቄስ ጉዲናም ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያ ሌሊት ቢለቀቁም ኋላ ተይዘው አሥር ዓመት ያህል በእስራትና በሥቃይ ኖሩ። ልጆቹ አባታቸውን በሞት፣ እናታቸውን በወኅኒ አጡ። የቄስ ጉዲና ዐፅም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነበር።

በዚህ ስፍራ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቈጠራል ተብሎ ተጽፏል (1ጢሞ. 5፥8)። ታዲያ ለመንጋው ሲል የቀረ አባት ቤቱን በደለን?

መልሱን ከመስቀሉ ሥር እናገኛለን። ጌታችን የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ ሳለ እናቱን አልዘነጋም፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጣት፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፤ ራስን ለብዙዎች መስጠት ቤትን መናቅ አይደለም። አገልግሎትን ሰበብ አድርጎ ሚስቱንና ልጆቹን የሚረሳ ሰው የጌታን ምሳሌ አልተከተለም።

ሁለተኛ፤ አደራው የተሰጠው ለደቀ መዝሙሩ ነው። እረኛው ስለ መንጋው ነፍሱን ሲሰጥ፣ መንጋው ለእረኛው ልጆች አባት መሆን ይገባዋል። ሰማዕቱን በየዓመቱ እያመሰገንን የመበለቲቱን ደጅ ሳንረግጥ ብንቀር፣ መታሰቢያችን ከንቱ ነው (ያዕ. 1፥27)።

ለውይይት፦
1. በማኅበራችን አባታቸው በአገልግሎት ላይ ሳለ የሞተባቸው ልጆች እነማን ናቸው? በዚህ ወር ማን ጠየቃቸው?
2. በአገልግሎት የምንደክም እኛ፣ በየማታው ከቤተ ሰባችን ጋር እንጸልያለንን?

የተቀበልነውን አደራ እንድንጠብቅ ጌታ ይርዳን። አሜን።