«በዘራችን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» ከማለታችን በፊት



ብዙ ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እኔም ባለቤቴም ጤነኛ ነን። ታዲያ ልጃችን የዘር በሽታ ከየት አመጣ?» መልሱን የበሰለ ሙዝ ላይ ከማትጠፋው ትንሿ ዝንብ እንማር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። የዚህች ዝንብ ዓይን ቀይ ነው። ቶማስ ሀንት ሞርጋን የተባለው ተመራማሪ ግን ነጭ ዓይን ያለው አንድ ወንድ ዝንብ አገኘና ከቀይ ዓይን ሴቶች ጋር አዳቀለው።

🔹 ልጆቹ፦ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ዓይን። ነጩ የጠፋ መሰለ።
🔹 የልጅ ልጆቹ፦ 2,459 ቀይ ዓይን ሴት፣ 1,011 ቀይ ዓይን ወንድ፣ 782 ነጭ ዓይን ወንድ። ነጭ ዓይን ሴት አንድም የለም!

ምን ማለት ነው? ቀዩ ዶሚናንት ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ካለ ጎልቶ ይወጣል። ነጩ ሪሴሲቭ ነው፤ ቀዩ ካለ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

ለምን ወንዶቹ ላይ ብቻ? ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴቷ ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንዱ ግን አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም ከእናቱ ነው የሚወስደው።

ሰው ላይም ሄሞፊሊያ (ደም ቶሎ የማይረጋበት በሽታ) የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። እናት ተሸካሚ፣ አባት ጤነኛ ከሆኑ፦
✅ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ 50%
✅ ሴት ልጅ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ 50%

«አንዱ ስለታመመ ቀጣዩ ይተርፋል» የሚባል ነገር የለም። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል።

⚠️ ስለዚህ ወንድ ልጅ ከማስገረዝዎ በፊት ይጠይቁ፦ በእናት ወገን ሲገረዝ፣ ጥርስ ሲነቀል ወይም ሲቆስል ደሙ አልቆም ያለ አጎት፣ አያት ወይም ወንድም አለ? ካለ ግርዛቱ ይቆይና አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። በቤተሰብ ታሪክ ሳይኖር እንደ አዲስ የሚከሰትም አለና በትንሽ በትልቁ የሚበልዝ ወይም ጉልበቱ የሚያብጥ ልጅ ካለዎት ያስመርምሩት። እስከዚያው አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳይሰጡት።

በመጨረሻ፦ እናቱን «አንቺ ነሽ ያመጣሽበት» አትበሏት። ጂኗን መርጣ የምታወርስ እናት የለችም።

ሊያስገርዝ ለተዘጋጀ ቤተሰብ ሼር አድርጉለት።