«ከ… በኋላ» እና «ስለ»፦ ቅደም ተከተልና ምክንያት

«ከ… በኋላ» የድርጊትን ቅደም ተከተል ይገልጻል፤ «ስለ» ግን ከግስ ጋር ሲነገር ምክንያትን ያመለክታል። ሁለቱን ማቀላቀል ሕይወት የሚያሳጣበት ጊዜ አለ። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

በጉና ተራራ ግርጌ ለሚኖር አንድ ገበሬ ለሽንት ሕመም ኮትራይሞክሳዞል የተባለ ክኒን ለ14 ቀን ታዘዘለት እንበል። ዘጠኙን ቀን በደኅና አሳለፈ። በአሥረኛው ቀን ገብስ ሲያጭድ ውሎ ሲገባ ትኩሳት ያዘው፤ ዐይኑ ቀላ፤ ከንፈሩና የአፉ ውስጥ ቆሰለ። ጎረቤቶቹ «ምች መታው» ብለው ዳማ ከሴ አሽተው አጠጡት። እርሱም ለትኩሳቱ ይበጀኛል ብሎ ክኒኑን መዋጥ ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ውሃ ቋጥሮ፣ እሳት እንዳቃጠለው ሁሉ ይላጥ ጀመር።

ሕመሙ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በገለጹት በሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም የተጠራ ነው። የፔኒሲሊን መርፌ የሚያስነሣው ድንገተኛ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ ምክንያቱ አይሰወርም። ይህኛው ግን የሰውነት ጠባቂ የሆኑትን ነጭ የደም ሴሎች ቀስ በቀስ በገዛ ቆዳው ላይ ያስነሣል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይገለጣልና ክኒኑን የሚጠረጥር አይገኝም። ምችም አፍን ያቆስላልና ጎረቤቶቹን መውቀስ አይገባም። ቀዳሚው ርዳታ መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ወደ ሆስፒታል መድረስ ነው። የዳነ ሰው እንኳ በጠባሳ ምክንያት የዐይኑን ብርሃን ሊያጣ ይችላል። ያንኑ መድኃኒት ዳግመኛ ቢወስድ ሕመሙ ፈጥኖና በርትቶ ሊመለስበት ስለሚችል፣ የመድኃኒቱ ስም በካርዱ ላይ ይጻፋል።

ማብራሪያ

ጎረቤቶቹ «ፀሐይ ከመታው በኋላ አፉ ቆሰለ» ቢሉ እውነት በተናገሩ ነበር። «ፀሐይ ስለ መታው አፉ ቆሰለ» ማለት ግን ያልተመረመረ ፍርድ ነው። ይልቁንም ቦዝ አንቀጽ ያሳስታል፦ «ክኒን ውጦ ታመመ» ሲባል ጊዜን ይሁን ምክንያትን መናገሩ አይለይም።

መልመጃ

1. «ክኒን ውጦ ታመመ» የሚለውን መጀመሪያ ጊዜን ብቻ፣ ቀጥሎ ምክንያትን እንዲገልጽ አድርጋችሁ ጻፉ።
2. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን አውጡ።
3. የገበሬው ወንድም በደብረ ታቦር ሆስፒታል ለሐኪሙ ያለፉትን ቀናት በቅደም ተከተል ሲያስረዳ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ስለ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ።