ከፊርማ በፊት ያለው ጥበቃ፦ ፈቃደኝነት በፍርድ ቤት መር አስማሚነት እና የሕግ ባለሙያው ኃላፊነት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በ2013 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 እና የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 የፍትሐ ብሔር ክርክርን በስምምነት ለመጨረስ የሚያስችለውን የሕግ መሠረት አጠናክረዋል። ይህ ጽሑፍ አግባብነት ያላቸውን ድንጋጌዎች በመመርመር፣ በኢትዮጵያ ሕግ አንድ የስምምነት ውል ከተፈረመ በኋላ ለማፍረስ የሚቻልበት በር እጅግ ጠባብ መሆኑን ያሳያል። ከዚህም በመነሣት የተከራካሪው ነጻ ፈቃድ ዋና ጥበቃ ከፊርማ በፊት መሰጠት እንዳለበት፣ ይህንንም ጥበቃ ለመስጠት ከማንም በላይ የሚችለው የሕግ ባለሙያው መሆኑን ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ አስማሚነት፣ ዕርቅ፣ ሽምግልና፣ ነጻ ፈቃድ፣ ጥብቅና

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ጠብን በሽማግሌ መፍታት ከዘመናዊው ፍርድ ቤት የቀደመ ልማድ ነው። የኦሮሞ ጃርሱማ፣ የጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የታወቀው ሽምግልና፣ ስማቸውና ሥርዓታቸው ቢለያይም ሁሉም ተጣዮችን ፊት ለፊት አገናኝቶ ሰላም ማውረድን ግባቸው ያደርጋሉ። ይህን ያህል ሥር ባለው አገር አስማሚነትን ለሕግ ባለሙያው ማስተዋወቅ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሆኖም ክርክርን የሙያው መለያ አድርጎ የተማረ ጠበቃ ደንበኛውን ወደ ዕርቅ መምራትን እንደ መሸነፍ፣ ወይም ከሕግ ውጭ እንዳለ ጉዳይ ሊቆጥረው ይችላል።

አስማሚነትን ለማስፋፋት ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት የመዝገብ ብዛትና የፍትሕ መዘግየት ነው። ይህ ምክንያት እውነትነት ቢኖረውም በቂ አይደለም። የፍርድ ቤት ጫና መቅለሉ ለፍርድ ቤቱ ጥቅም ነው፤ ተከራካሪው ግን የሚጠይቀው መብቱ ምን እንደሚሆን ነው።

2. የሕግ ማዕቀፉ

ስምምነት ለኢትዮጵያ የተጻፈ ሕግ እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለ ስምምነት ውል፣ ከቁጥር 3318 ጀምሮ ደግሞ ስለ ዕርቅ ደንግጎ ነበር። በኋለኛው ክፍል ቁጥር 3322 መሠረት አስታራቂው የሚያቀርበው ሐሳብ ተከራካሪዎቹ ለመቀበል በጽሑፍ ግልጽ ግዴታ ካልገቡ በቀር አያስገድዳቸውም ነበር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 274ም ተከራካሪዎች በራሳቸው አነሣሽነትም ሆነ ፍርድ ቤቱ ሊያስማማቸው በመሞከሩ፣ በችሎትም ሆነ ከችሎት ውጭ፣ በማናቸውም ጊዜ ሊስማሙ እንደሚችሉ ይደነግጋል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ባልና ሚስቱን እንዲያነጋግር፣ ካልተሳካም ራሳቸው ወደሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው እንደሚችል ይገልጻል።

አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ዕርቅ የነበሩትን ድንጋጌዎች ሽሮ በአዲስ ሥርዓት ተክቷል፤ ስለ ስምምነት ውል የተደነገገውን ግን አልነካም። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በበኩሉ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የቀረቡ ጉዳዮች በፍርድ ቤቱ ሥር ባለ አስማሚ የሚታዩበትን መንገድ ከፍቷል። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት አዋጆች አንዱ «ዕርቅ» ሌላው «አስማሚነት» ማለታቸው የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም። ዕርቅ የተሰበረ ግንኙነትን መጠገንን ያመለክታል፤ መስማማት ግን ሳይታረቁም ይቻላል። ሁለት ነጋዴዎች ዳግም አብረው ላይሠሩ ቢወስኑም የሒሳባቸውን ጉዳይ በስምምነት ሊዘጉ ይችላሉ።

3. ስምምነት የሚያስገኘው፣ ፍርድ የማያስገኘው

የአስማሚነትን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። ሦስት ወንድማማቾችና እኅቶች ከወላጆቻቸው የተላለፈላቸውን አንድ ቤት በጋራ ይዘዋል እንበል። አንደኛዋ በቤቱ ትኖራለች፤ ሁለቱ ድርሻቸውን በገንዘብ ይፈልጋሉ። ቤቱ በዓይነት የማይከፋፈል ከሆነና ባለድርሻዎቹ ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ እንዲከፋፈል ከማዘዝ ያለፈ ብዙ ምርጫ የለውም። ውጤቱ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ነዋሪዋ ቤት አልባ ትሆናለች፣ ሌሎቹም በሐራጅ የሚገኘው ዋጋ ከገበያው ቢያንስ ይጎዳሉ። በአስማሚ ፊት ግን ነዋሪዋ የሁለቱን ድርሻ በጊዜ ከፋፍላ ልትከፍል፣ ወይም አንዱን ክፍል አከራይታ ከኪራዩ ልታካፍል ትችላለች። ዳኛው በቀረበለት አቤቱታና በሕጉ የተወሰነ ነው፤ ተስማሚዎች ግን ሕግን እስካልተቃረኑ ድረስ ለኑሯቸው የሚበጀውን መፍትሔ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

4. የፊርማው ክብደት

ይህ ነጻነት ግን ከባድ ውጤትን ያስከትላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት የስምምነት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። በመደበኛው የውል ሕግ ቁጥር 1696 ፈቃዱን በስሕተት፣ በተንኰል ወይም በኃይል ድርጊት የሰጠ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል። በስምምነት ውል ላይ ግን ይህ በር ይጠብባል፤ ተስማሚው በተስማማበት መብት ላይ ተሳስቶ እንደነበር በመግለጽ ውሉን መቃወም በመርሕ ደረጃ አይፈቀድለትም። ለምሳሌ ከጋራ ሀብቱ ግማሹ የእርሷ መሆኑን ሳታውቅ በጥቂት ገንዘብ የተስማማች ሚስት «መብቴን አላወቅሁም ነበር» ብላ ብትመለስ ክርክሯ በቀላሉ አይሰማም።

ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ቁጥር 1709 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ወላጅን ወይም የበላይን ላለማስቀየም ሲባል የተሰጠ ፈቃድ በዚህ ምክንያት ብቻ ውልን አያፈርስም። ልዩነቱ የተፈራው ሰው ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ሲያገኝ ነው። የሽምግልና ባህል የሚጸናው ደግሞ በዚሁ አክብሮት ነው። ሽማግሌው የሚመረጠው ሁለቱንም ወገን ስለሚያውቅና ስለሚከበር ነው፤ ያጠፋውን ይገሥጻል፣ እንቢ ያለውን ይለምናል፣ «ለእኛ ስትል» ይላል። የሽማግሌን ቃል መጣል ነውር ነው። ይሉኝታ እርስ በርስ በሚተዋወቅ ማኅበረሰብ ሰላምን ያጸናል፤ ነገር ግን አቅሙ ያነሰው ወገን፣ ብዙ ጊዜም ሴት፣ ወጣት ወይም የቤት ሠራተኛ፣ መብቱን ለሰላም ሲባል እንዲለቅ ሊያደርገው ይችላል። ሽማግሌው የስምምነቱ ተዋዋይ ስላልሆነም የቁጥር 1709 ልዩ ሁኔታ ለእንዲህ ያለው ሰው አይደርስለትም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ ቤቱ ስምምነትን ሲቀበል ከሕግና ከሞራል ጋር አለመቃረኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ይህ ምርመራ ግን የሚያተኩረው በስምምነቱ ይዘት ላይ እንጂ ፈቃዱ በተሰጠበት ሁኔታ ላይ አይደለም። እንግዲህ ከፊርማ በኋላ ያለው ጥበቃ ደካማ ከሆነ ጥበቃው ከፊርማ በፊት መቅደም አለበት።

5. መቅረብን ማስገደድና መስማማትን ማስገደድ

የሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ነጥብ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያሳያል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በሃልሲ ጉዳይ ፈቃደኛ ያልሆኑ ወገኖችን ወደ አስማሚነት ማስገደድ ፍትሕ የማግኘት መብትን እንደሚያደናቅፍ ገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በቸርችል ጉዳይ ግን ተከራካሪው በመጨረሻ በዳኛ የመሰማት መብቱ እስካልተነካ ድረስ ፍርድ ቤቱ ከችሎት ውጭ ያለ መፍትሔ እንዲሞከር ማዘዝ እንደሚችል ወሰነ። በጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ2010 በተወሰኑ ጉዳዮች ላይ የተጣለው የአስማሚነት ግዴታ በ2012 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከተሻረ በኋላ በ2013 ተሻሽሎ ተመልሷል፤ የግዴታው እምብርትም በመጀመሪያው ስብሰባ መገኘት ነው። ሁለቱም ልምዶች አንድን ሰው እንዲቀርብ ማዘዝ እንዲስማማ ከማዘዝ የተለየ መሆኑን ያስገነዝባሉ። በኢትዮጵያ ግን ይሉኝታ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ሊያጠፋው ስለሚችል መቅረብን ማዘዝ ብቻውን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

6. የሕግ ባለሙያው ድርሻ

ከላይ ከተባለው ጠበቃው የአስማሚነት እንቅፋት ሳይሆን ዋስትናው ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን። ጠበቃው ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ደንበኛው ወደ አስማሚ ከመሄዱ በፊት ጉዳዩ በፍርድ ቢያልቅ ምን ሊያገኝና ምን ሊያጣ እንደሚችል በግልጽ ማስረዳት ነው፤ መብቱን ሳያውቅ የለቀቀ ሰው መብቱን ሰጠ ሊባል አይችልምና። ሁለተኛ፣ በአስማሚ ፊት የተነገረው በኋላ በችሎት ማስረጃ እንዳይሆን የምስጢር ጥበቃውን አስቀድሞ ማስከበር ነው። ሦስተኛ፣ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ደንበኛው ከአስማሚውም ከተቃራኒ ወገንም ተለይቶ የሚያስብበት ጊዜ እንዲያገኝ መጠየቅ ነው።

ዳኛውም ስምምነቱን ከመመዝገቡ በፊት እያንዳንዱን ወገን ውሉን ተረድቶት እንደሆነና ማንም ጫና እንዳላደረገበት ለየብቻው ቢጠይቅ ሕጉ አይከለክለውም። ይህን ጥያቄ የዘወትር አሠራር ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የጠበቃው የክፍያ ሥርዓትም መታሰብ ያለበት ጉዳይ ነው። የጥብቅና ክፍያ በቀጠሮ ብዛት ወይም በክርክር ደረጃ የሚሰላ ከሆነ፣ ቶሎ የተቋጨ ጉዳይ ጠበቃውን ይጎዳል። በጥብቅና ውል ውስጥ በስምምነት ለሚያልቅ ጉዳይ ተገቢ ክፍያ አስቀድሞ መወሰን የደንበኛውንና የጠበቃውን ጥቅም ያቀራርባል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ለዚህ የሚሆን የውል ናሙና ቢያዘጋጅና በሥልጠናዎቹ ውስጥ ቢያካትተው ሥራውን ያቀላል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም በምስለ ችሎት ውድድር ለተማሪው የሚሰጡትን ልምምድ ያህል የምስለ አስማሚነት ልምምድ ቢሰጡ፣ ተመራቂው ማዳመጥንም እንደ መከራከር የሙያው ክፍል አድርጎ ይቀበለዋል።

7. ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ ሕግ ለስምምነት ሰፊ በር ከፍቷል፤ የተፈረመውንም ስምምነት እንደ ፍርድ አጽንቶታል። ይህ ጽናት የአስማሚነት ጥንካሬ ነው፤ ፈቃዱ ነጻ ካልሆነ ግን የጉዳት ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ አስማሚነትን በሕግ ማኅበረሰቡ ውስጥ የማስፋፋት ሥራ የሚለካው ከችሎት በወጡ መዝገቦች ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም። ዋናው መለኪያ የተስማማው ሰው ምን እንደለቀቀና ስለምን እንደለቀቀ አውቆ መፈረሙ ነው። ሽማግሌው ተጣዮችን በማቀራረብ የያዘውን ጥበብ የሕግ ባለሙያው በመብት ዕውቀት ሲያግዘው፣ የሚወርደው ሰላም አንዱ ወገን በዝምታ የተጎዳበት ሰላም አይሆንም።